ኔትወርክን በእጅ መማር፦ ከኬብል እስከ ፕሮቶኮል በቤት የሚሠራ መለማመጃ

የኔትወርክ ሥልጠና ላይ ያሉ ወጣቶች ደጋግመው የሚያቀርቡልኝ ጥያቄ አንድ ነው። «ንድፈ ሐሳቡን ጨርሻለሁ። የኔትወርክ ሥራ የሚከፈልባቸውን ሰባቱን የኦኤስአይ እርከኖች በቃሌ እወጣቸዋለሁ። ኬብልና ስዊች ሰጥተው ‹በል አገናኝ› ቢሉኝ ግን ከየት እንደምጀምር አላውቅም። ቤቴ ሆኜ በምን ልለማመድ?» ይህ መመሪያ የተጻፈው ለዚህ ጥያቄ ነው። በሃርድዌርና ኔትወርክ ሰርቪስ ለሙያ ብቃት ምዘና የምትዘጋጁ፣ የሲስኮን ሲሲኤንኤ ፈተና ለመውሰድ የምታነቡ ሁሉ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ።

አሠራሩ ከታች ወደ ላይ ነው። መጀመሪያ ሽቦው፣ ቀጥሎ አድራሻው፣ ከዚያ ፕሮቶኮሉ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች የሚነጋገሩበት ደንብ። የታችኛው መሥራቱን ሳታረጋግጡ ወደ ላይኛው አትውጡ። ደግሞም ማንኛውንም ትእዛዝ ከመስጠታችሁ በፊት ምን መልስ እንደሚመጣ በደብተር ላይ ጻፉ። ግምታችሁና ውጤቱ ሲለያዩ ለምን እንደተለያዩ ሳታገኙ አትለፉ፤ የሚቀረው እውቀት እሱ ነው።

ትእዛዞቹን እዚህ በአማርኛ ፊደል ጽፌያቸዋለሁ፤ ኮምፒውተሩ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ይገባሉ። ምሳሌዎቹ በዊንዶውስ ላይ የተሠሩ ናቸው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

• የኔትወርክ ኬብል መሰኪያ ያላቸው 2 ኮምፒውተሮች። መሰኪያ የሌለው ላፕቶፕ ካላችሁ ከዩኤስቢ ወደ ኤተርኔት (የኬብል ኔትወርክ) የሚቀይር አዳፕተር ይበቃል።
• ባለ 5 ቀዳዳ ተራ ስዊች፣ ኮምፒውተሮችን በኬብል የሚያገናኘው ሳጥን። ከሌለ ከአገልግሎት የወጣ የዋይፋይ ራውተር ይተካዋል። ዲኤችሲፒ የሚባለውን፣ ለኮምፒውተሮች በራሱ አድራሻ የሚያድለውን አገልግሎት አጥፉና «ላን» የተባሉትን ቀዳዳዎች ብቻ ተጠቀሙ።
• ካት 5ኢ ወይም ካት 6 ኬብል፣ 5 ሜትር ያህል።
• አርጄ 45 ኮኔክተር (የኬብሉ ጫፍ መሰኪያ)፣ ቢያንስ 20። መጀመሪያ ላይ ብዙ ይበላሻል፤ አንዴ የተጨመቀ ኮኔክተር ደግሞ ተመልሶ አይሠራም።
• ክሪምፐር (ኮኔክተሩን ኬብሉ ላይ የሚጨምቀው መሣሪያ)፣ የኬብል ልጣጭ ማንሻ፣ መቀስ።
• ባለ 8 መብራት የኬብል ቴስተር።
• ዋየርሻርክና ፓኬት ትሬሰር የተባሉት ፕሮግራሞች። ዋየርሻርክ በኔትወርክ ካርዱ የሚያልፉትን መልእክቶች ያሳያል፤ ፓኬት ትሬሰር ኔትወርክን ኮምፒውተር ውስጥ አስመስሎ ያሠራል። ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ። ፓኬት ትሬሰርን ለማውረድ በሲስኮ ኔትወርኪንግ አካዳሚ መመዝገብ ያስፈልጋል።
• ደብተር።

ኮኔክተር ስትገዙ ከኬብሉ ጋር እንዲገጥም ጠይቁ። የካት 6 ሽቦ ብዙውን ጊዜ ከካት 5ኢ ይወፍራል፤ ለካት 5ኢ በተሠራ ኮኔክተር ውስጥ ካስገደዳችሁት ሽቦዎቹ እስከ ጫፉ አይደርሱም። አንድ ኮምፒውተር ብቻ ያላችሁ ከ1 እስከ 3 ያሉትን ደረጃዎች ሠርታችሁ የቀረውን በፓኬት ትሬሰር ውስጥ መሞከር ትችላላችሁ፤ ዋየርሻርክ የሚፈልጉትን ክፍሎች ግን እውነተኛ ኮምፒውተር ላይ ሥሯቸው።

ከመጀመራችሁ በፊት፣ ማስጠንቀቂያ

ይህን ሁሉ የምትሠሩት በራሳችሁ ዕቃና በራሳችሁ ኔትወርክ ላይ ብቻ ነው። በመሥሪያ ቤት፣ በኮሌጅ ወይም በኢንተርኔት ካፌ ኔትወርክ ላይ ያለ ፈቃድ ዋየርሻርክ ከፍቶ የሰዎችን ግንኙነት መከታተል በኢትዮጵያ ሕግ ያስጠይቃል፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ መጥለፍን ወንጀል አድርጎታል።

የመለማመጃ ራውተራችሁን በምንም ምክንያት ሥራ ላይ ባለ የቢሮ ኔትወርክ ላይ አትሰኩ። ዲኤችሲፒው ሳይጠፋ ቀርቶ ከሆነ ለሠራተኞቹ ኮምፒውተሮች የተሳሳተ አድራሻ ማደል ይጀምራል፤ ቢሮው ሙሉ ከኢንተርኔት ሊቋረጥ ይችላል፣ ምክንያቱን ለማግኘትም ሰዓታት ይፈጃል። የአንዱን ኬብል ሁለት ጫፍ አንድ ተራ ስዊች ላይ መሰካትም እንዲሁ ነው። ለሁሉም የተላከው መልእክት በቀለበቱ እየዞረ ይባዛና ስዊቹን ያፍነዋል።

ጣሪያ ላይ ካለ አንቴና የሚመጣ ኬብል በውስጡ የኤሌክትሪክ ኃይል ሊይዝ ስለሚችል ላፕቶፓችሁ ላይ በቀጥታ አትሰኩት። የኔትወርክ ኬብልን ከመብራት ገመድ ጋር አብራችሁ አትጠቅልሉ።

ደረጃ 1፦ ሽቦውን መርምሩ

ከኬብሉ ጫፍ አንድ ሽቦ አውጡና ፕላስቲኩን ላጡ። የመዳቡን ቀለም በመቀስ ጫፍ ቀስ ብላችሁ ፋቁት። ከሥሩ ነጭ የብር መልክ ከወጣ ሽቦው መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ነው። በገበያ ላይ በርካሽ የሚሸጠው ኬብል ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ለአጭር ልምምድ ያገለግላል፤ ደንበኛ ቤት ግድግዳ ውስጥ ግን አትቅበሩት። አሉሚኒየም በቀላሉ ይሰበራል፣ ለኤሌክትሪክም ከመዳብ የበለጠ ተቃውሞ ስላለው ርቀት ሲጨምር ይደክማል።

ደረጃ 2፦ ጫፉን ክሪምፕ አድርጉ

ሀ. የውጭውን ልጣጭ ከጫፉ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል አንሡ። የማንሻው ቢላዋ የውስጦቹን ሽቦዎች ፕላስቲክ ነክቶት እንደሆነ አጥብቃችሁ ተመልከቱ። የተነካ ካለ ቆርጣችሁ ጣሉና እንደገና ጀምሩ፤ ዛሬ ቢሠራም ኬብሉ ሲታጠፍ የሚቋረጠው እዚያ ላይ ነው።

ለ. 4ቱን ጥንዶች ፍቱና 8ቱን ሽቦዎች በዚህ ቅደም ተከተል ደርድሩ። ቲ568ቢ የሚባለው ደረጃ ነው፦

1. ነጭ ብርቱካናማ
2. ብርቱካናማ
3. ነጭ አረንጓዴ
4. ሰማያዊ
5. ነጭ ሰማያዊ
6. አረንጓዴ
7. ነጭ ቡናማ
8. ቡናማ

ሁለቱንም ጫፍ በዚሁ አድርጉ። አረንጓዴው ጥንድ ሰማያዊውን መሀል አድርጎ 3ኛና 6ኛ ላይ መቀመጡ ዓይን ላይ ግር ይላል፤ ሆኖም በዚህ አትደራደሩ። ምክንያቱን ደረጃ 3 ላይ ታገኙታላችሁ።

ሐ. ሽቦዎቹን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሀል ይዛችሁ ወደ ግራና ቀኝ እያወዛወዛችሁ አቅኗቸው። ጠመዝማዛነታቸው ሲጠፋ ጎን ለጎን ዝርግ ብለው ይቀመጣሉ። ከዚያ ከልጣጩ 13 ሚሊ ሜትር ገደማ አስቀርታችሁ ጫፉን በአንድ ቁርጥ አስተካክሉ። ከዚህ በላይ የተፈታ ሽቦ መተው ጉዳት አለው። ጥንዶቹ የተጠማዘዙት የአንዱ ምልክት ወደ ሌላው እንዳይሻገር ነውና የተፈታው ክፍል በረዘመ ቁጥር መከላከያው ይቀንሳል።

መ. ኮኔክተሩን ምላሱ ወደ ታች፣ ወርቃማዎቹ ጥርሶች ወደ ላይ፣ የኬብሉ መግቢያ ወደ እናንተ ሆኖ ያዙት። 1ኛው ሽቦ በግራ ይገባል። ገፍታችሁ አስገቡና ከፊት ለፊት ተመልከቱ፤ 8 የመዳብ ነጥቦች መታየት አለባቸው። ከጎን ስታዩት ደግሞ የውጭው ልጣጭ ወደ ኮኔክተሩ ውስጥ መግባት አለበት፤ ሲጨመቅ የሚነክሰው ልጣጩን ነው። ልጣጩ ውጭ ከቀረ ኬብሉ በተሳበ ቁጥር ሸክሙ ቀጫጭኖቹ ሽቦዎች ላይ ያርፋል።

ሠ. በክሪምፐሩ እስከ መጨረሻው ጨምቁ፤ ለቀቅ አድርጋችሁ አንዴ ድገሙት።

ደረጃ 3፦ በቴስተር ፈትኑ፤ ቴስተሩን ግን ሙሉ በሙሉ አትመኑ

ሁለቱን ጫፎች ሰክታችሁ መብራቶቹ ከ1 እስከ 8 በሁለቱም በኩል በተራ መብራታቸውን ተከታተሉ። አንድ ቁጥር ካልበራ ያ ሽቦ እስከ ጫፍ አልደረሰም። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ሁለት ሽቦ ተለዋውጧል። የጫፎቹን ቀለም ከላይኛው ዝርዝር ጋር አስተያዩና የተሳሳተውን ጫፍ ቆርጣችሁ እንደገና ሥሩ።

ቴስተሩ የማያሳያችሁ ስሕተት አለ። ብዙ ጀማሪዎች ቀለሞቹን በጥንድ በጥንድ ያስቀምጣሉ፤ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ ሰማያዊ እያሉ። ሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ስለሆነ 8ቱም መብራት በትክክል ይበራል። ኤተርኔት ግን በ100 ሜጋቢት ሲሠራ 1ኛና 2ኛውን እንደ አንድ ጥንድ፣ 3ኛና 6ኛውን እንደ ሌላ ጥንድ ይጠቀማል። በጀማሪዎቹ አደራደር 3ኛው ነጭ አረንጓዴ፣ 6ኛው ሰማያዊ ይሆናል፤ አብረው ያልተጠማዘዙ ሁለት ሽቦዎች ማለት ነው። አጭር ኬብል ላይ ሊሠራ ይችላል። ሲረዝም ፍጥነቱ ይወርዳል፣ ይቆራረጣል፣ ወይም ጭራሹን አይገናኝም። «ቴስተሩ ይሠራል ይላል፣ ኮምፒውተሩ አይገናኝም» የሚል አቤቱታ ስትሰሙ መጀመሪያ ቀለሙን ተመልከቱ።

ደረጃ 4፦ አገናኙና መብራቱን አንብቡ

ሁለቱንም ኮምፒውተሮች ከስዊቹ ጋር አገናኙ። በሁለቱም ላይ ዋይፋዩን አጥፉ፤ ካላጠፋችሁ የምታዩት መልስ በየትኛው መንገድ እንደመጣ አታውቁም። የስዊቹ መብራት ከበራ በሽቦ ደረጃ ተገናኝታችኋል፤ ብልጭ ድርግም ካለ መልእክት እያለፈ ነው። ካልበራ ስለ አድራሻ ማሰብ አትጀምሩ። ኬብል ለውጡ፣ ቀዳዳ ለውጡ፣ መሰኪያው ቀጭ ብሎ መግባቱን አረጋግጡ።

የፍጥነቱንም ነገር ተመልከቱ። ኮምፒውተሩም ስዊቹም 1 ጊጋቢት የሚችሉ ሆነው ግንኙነቱ 100 ሜጋቢት ላይ ከቀረ አብዛኛውን ጊዜ ከ4ቱ ጥንዶች አንዱ ተቋርጧል፤ ጊጋቢት 4ቱንም ይፈልጋልና።

ደረጃ 5፦ አድራሻ ስጡ

የዊንዶውስን ቁልፍ ከአር ጋር ተጫኑና «ኤን ሲ ፒ ኤ ነጥብ ሲ ፒ ኤል» ብላችሁ ጻፉ። የኔትወርክ ካርዶች ዝርዝር ይከፈታል። ኤተርኔት የሚለውን በቀኝ ተጭናችሁ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ አይፒ ቨርዥን 4 ውስጥ ግቡና እንዲህ ሙሉ፦

• ኮምፒውተር ሀ፦ አድራሻ 192.168.50.10፣ ሰብኔት ማስክ 255.255.255.0
• ኮምፒውተር ለ፦ አድራሻ 192.168.50.20፣ ሰብኔት ማስክ 255.255.255.0

ጌትዌይ (ወደ ሌላ ኔትወርክ የሚያወጣው ራውተር አድራሻ) እና ዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስምን ወደ አድራሻ የሚቀይረው አገልግሎት) ባዶ ይሁኑ፤ እስካሁን ራውተር የለንም። 50ን የመረጥኩት በምክንያት ነው። ብዙ የቤት ራውተሮች 192.168.0 ወይም 192.168.1 ይጠቀማሉ። ያንኑ ለኬብሉም ከሰጣችሁ ዋይፋዩ ሲበራ ኮምፒውተሩ ሁለት መንገድ ወደ አንድ ኔትወርክ ያያል፤ መልእክቱ በየት እንደሚሄድ መገመት ያስቸግራችኋል።

ማስኩ የሚያገለግለው ለአንድ ውሳኔ ነው። ኮምፒውተሩ ማንኛውንም ነገር ከመላኩ በፊት «ተቀባዩ እኔ ኔትወርክ ውስጥ ነው ወይስ ውጭ?» ብሎ ይጠይቃል። አድራሻው የቀበሌና የቤት ቁጥር አብሮ እንደተጻፈበት ወረቀት ነው፤ የቀበሌው ቁጥር የት ላይ አብቅቶ የቤቱ እንደሚጀምር የሚነግረው ማስኩ ነው። 255 ባለበት ቦታ ያለው ቁጥር የኔትወርኩ ነው፣ 0 ባለበት ያለው የኮምፒውተሩ። ስለዚህ የሁለቱም ኔትወርክ 192.168.50 ነው፤ በቀጥታ ይነጋገራሉ።

ደረጃ 6፦ በሦስት እርምጃ ፒንግ አድርጉ

ፒንግ ወደ አንድ አድራሻ «አለህ?» የሚል መልእክት ልኮ መልስ የሚጠብቅ ትእዛዝ ነው። ትእዛዝ የሚጻፍበትን ኮማንድ ፕሮምፕት ክፈቱና ከኮምፒውተር ሀ ላይ፦

1. ፒንግ 127.0.0.1። መልስ ካለ የኮምፒውተሩ የቲሲፒ/አይፒ ሶፍትዌር ይሠራል። ኬብሉን አይነካም።
2. ፒንግ 192.168.50.10። የራሱ አድራሻ ነው። መልስ ካለ የሰጣችሁትን አድራሻ ተቀብሎታል።
3. ፒንግ 192.168.50.20። አሁን ገና መልእክቱ በሽቦው ላይ ወጣ።

3ኛው ካልመለሰ የሚመጣውን ቃል በጥንቃቄ አንብቡ። ብዙ ሠልጣኞች «አይሠራም» ብለው ያልፉታል፤ ሁለቱ መልሶች ግን የሚመሩት ወደተለያየ ቦታ ነው።

«ዴስቲኔሽን ሆስት አንሪቸብል» የሚለው መልስ ከራሳችሁ አድራሻ፣ ከ192.168.50.10 ከመጣ፣ ኮምፒውተራችሁ ተቀባዩን ጠርቶ ማንም አልመለሰለትም። ኬብሉን፣ ስዊቹንና በኮምፒውተር ለ ላይ የተጻፈውን አድራሻ ፈትሹ።

«ሪኩዌስት ታይምድ አውት» ካላችሁ ብዙ ጊዜ ተቀባዩ አለ፤ ፒንጉ ግን ታግዷል። እንዲህ ባለ ትንሽ ኔትወርክ ላይ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የሚገባና የሚወጣውን መልእክት የሚቆጣጠረው የዊንዶውስ ፋየርዎል ነው። ፋየርዎሉን በጠቅላላ አታጥፉት፤ ኢንተርኔት ላይ ስትመለሱ ማብራቱን ትረሱታላችሁ። በዊንዶውስ ዲፌንደር ፋየርዎል የላቁ ቅንብሮች ውስጥ፣ ከውጭ በሚገቡት ደንቦች ሥር «ፋይል ኤንድ ፕሪንተር ሼሪንግ፣ ኤኮ ሪኩዌስት፣ አይሲኤምፒቪ4» የሚለውን ብቻ ፍቀዱ።

መልስ ሲመጣ መጨረሻ ላይ ያለውን ቲቲኤል ቁጥር በደብተራችሁ ያዙ። ዊንዶውስ 128፣ ሊኑክስ 64 ብሎ ይጀምራል። ደረጃ 9 ላይ እንመለስበታለን።

ደረጃ 7፦ ከፒንጉ በፊት የሚሆነውን ተመልከቱ

ከሁሉ በላይ ጊዜ ስጡ የምላችሁ ለዚህ ደረጃ ነው፤ መጽሐፍ ላይ ያነበባችሁት በዓይናችሁ የሚታየው እዚህ ነውና።

ዋየርሻርክን ስትጭኑ ኤንፒካፕን አብራችሁ ጫኑ፤ ያለ እሱ የኔትወርክ ካርዱን ማንበብ አይችልም። በኮምፒውተር ሀ ላይ ኮማንድ ፕሮምፕትን በአስተዳዳሪ መብት ክፈቱና «አርፕ ጭረት ዲ ኮከብ» በሉ፤ ኮምፒውተሩ የሚያስታውሳቸው የማክ አድራሻዎች፣ ማለትም የኔትወርክ ካርዶቹ መለያ ቁጥሮች፣ ይሰረዛሉ። አርፕ የሚባለው እነዚህን ቁጥሮች ጠይቆ የሚያገኘው ፕሮቶኮል ነው። በዋየርሻርክ የኤተርኔት ካርዱን መርጣችሁ መቅዳት አስጀምሩ፣ ማጣሪያው ላይ «አርፕ» ጻፉና ወደ 192.168.50.20 ፒንግ አድርጉ።

ሁለት መስመር ታያላችሁ። የመጀመሪያው «192.168.50.20 ያለው ማን ነው? ለ192.168.50.10 ይንገር» ይላል። የተላከው ለሁሉም ነው፤ የመድረሻው ማክ አድራሻ በሙሉ ኤፍ የሆነው ለዚህ ነው። ሁለተኛው ከኮምፒውተር ለ የመጣ መልስ ነው፤ «192.168.50.20 እዚህ ማክ አድራሻ ላይ ነው» ይላል፣ የሚመለሰውም ለጠያቂው ብቻ። መጠኑ 48 ቢት የሆነውና በ6 ጥንድ የሚጻፈው ያ አድራሻ ካልታወቀ ፒንጉ ወደ ስዊቹ አይወጣም። አይፒ አድራሻ ለማን እንደሚደርስ ይወስናል፤ በአንድ ሽቦ ላይ ከካርድ ወደ ካርድ የሚያደርሰው ማክ ነው።

አሁን የኮምፒውተር ለን ኬብል ነቅላችሁ ያንኑ ድገሙት። ጥያቄው ተደጋግሞ ሲወጣ፣ መልስ ሲጠፋ ታያላችሁ። ደረጃ 6 ላይ ያነበባችሁት «ዴስቲኔሽን ሆስት አንሪቸብል» የሚወለደው ከዚህ ዝምታ ነው። ከዚያ ኬብሉን መልሱ፣ ፒንግ አድርጉ፣ «አርፕ ጭረት ኤ» ብላችሁ የተመዘገበውን አድራሻ አንብቡ።

ደረጃ 8፦ ኔትወርኩን ቁረጡ

ሰብኔት፣ ማለትም አንዱን ኔትወርክ ወደ ትንንሽ መክፈል፣ ብዙዎችን የሚያስፈራው በወረቀት ብቻ ስለሚማሩት ነው። ኬብሉን ሳትነኩ የሁለቱንም ማስክ 255.255.255.192 አድርጉ፤ የኮምፒውተር ለን አድራሻ ደግሞ ወደ 192.168.50.70 ለውጡ።

ስሌቱ እንዲህ ነው። 256 ሲቀነስ 192፣ 64 ይሆናል። ስለዚህ ኔትወርኮቹ በ64 እየዘለሉ ይሄዳሉ፤ ከ0 እስከ 63፣ ከ64 እስከ 127፣ ከ128 እስከ 191፣ ከ192 እስከ 255። የእያንዳንዱ የመጀመሪያ ቁጥር የኔትወርኩ ስም ነው፣ የመጨረሻው ለሁሉም የሚላክበት፤ ለኮምፒውተር የሚቀሩት 62 ናቸው። 10 በመጀመሪያው ውስጥ ነው፣ 70 በሁለተኛው።

ፒንግ ከማድረጋችሁ በፊት ገምቱ። ኬብሉ አንድ፣ ስዊቹ አንድ፣ መብራቱ በርቷል፤ ግን አይመልስም። ዋየርሻርክን ተመልከቱ፦ ኮምፒውተር ሀ «70 ያለው ማን ነው?» ብሎ እንኳ አይጠይቅም። ተቀባዩ ከኔትወርኬ ውጭ ነው ብሎ ወስኗል፣ ወደ ውጭ የሚያወጣው ጌትዌይም የለውም። ችግሩ ከሽቦው ሳይሆን ከውሳኔው ነው።

እጃችሁ እስኪለምደው በሌሎች ቁጥሮች ድገሙት። ለምሳሌ 192.168.50.130 በማስክ 255.255.255.224፦ 256 ሲቀነስ 224፣ 32። 130 የሚገኘው ከ128 እስከ 159 ባለው ውስጥ ነው፤ ለኮምፒውተር የሚሰጡት ከ129 እስከ 158 ያሉት ናቸው። መልሱን በካልኩሌተር ሳይሆን በወረቀት አውጡ፤ ምዘና ላይም ሥራ ላይም የሚጠየቀው ፍጥነት የሚመጣው በዚህ ነው።

ደረጃ 9፦ ሁለቱን በራውተር አገናኙ

ይህን በፓኬት ትሬሰር ሥሩ። አንድ የሲስኮ 2911 ራውተር፣ ሁለት ስዊች፣ ሁለት ኮምፒውተር አውጡ። ኮምፒውተሮቹን ከስዊቻቸው፣ ስዊቾቹን ከራውተሩ ጋር በቀጥተኛ የመዳብ ኬብል አገናኙ። ለራውተሩ አንደኛ ቀዳዳ 192.168.50.1፣ ለሁለተኛው 192.168.50.65 ስጡ፤ ማስኩ 255.255.255.192 ነው። ኮምፒውተሮቹ 192.168.50.10 እና 192.168.50.70 ይሁኑ። የመጀመሪያው ጌትዌይ 192.168.50.1፣ የሁለተኛው 192.168.50.65 ነው።

በእያንዳንዱ የራውተር ቀዳዳ ላይ «ኖ ሸትዳውን» ማለት አትርሱ። የሲስኮ ራውተር ቀዳዳዎች ሲነሡ ዝግ ናቸው፤ አድራሻ መስጠት ብቻውን አይከፍታቸውም። ፓኬት ትሬሰር ላይ ቀይ ምልክት ካያችሁ ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

ከአንዱ ወደ ሌላው ፒንግ አድርጉ። የመጀመሪያው ፒንግ ቢጠፋ አትደንግጡ፤ የማክ አድራሻዎቹ እየተፈለጉ ስለሆነ ነው። ቀጣዮቹ ይመለሳሉ። ቲቲኤሉን አሁን ተመልከቱ፤ 128 የነበረው 127 ሆኗል። እያንዳንዱ ራውተር 1 ይቀንስበታል፤ መንገድ የጠፋበት መልእክት ለዘላለም እንዳይዞር የተደረገ ነው።

ደረጃ 10፦ ከእውነተኛው ኢንተርኔት ጋር

ኮምፒውተር ሀን ወደ ቤታችሁ ኢንተርኔት መልሱ፣ አድራሻውንም በራሱ እንዲያገኝ አድርጉ። ዋየርሻርክን አስጀምሩና ሦስት ነገር ያዙ።

አንደኛ፣ ማጣሪያውን «ዲኤችሲፒ» አድርጉና «አይፒኮንፊግ ሪሊስ»፣ ቀጥሎ «አይፒኮንፊግ ሪኒው» በሉ፤ ከሪሊስና ከሪኒው በፊት ባዶ ቦታና ወደ ቀኝ ያዘነበለ ጭረት አለ። ዲስከቨር፣ ኦፈር፣ ሪኩዌስት፣ አክ የሚሉ 4 መልእክቶች በተከታታይ ይመጣሉ። ኮምፒውተር 169.254 የሚጀምር አድራሻ ካሳያችሁ ከ4ቱ መካከል ኦፈር አልመጣም ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ማጣሪያውን «ዲኤንኤስ» አድርጉና «ኤንኤስሉክአፕ» ብላችሁ የአንድ ድረ ገጽ ስም ጠይቁ። ጥያቄው በዩዲፒ (አስቀድሞ ግንኙነት ሳይከፍት የሚልክ ፕሮቶኮል) ፖርት 53 ሲወጣና መልሱ ሲመለስ ይታያል፤ ፖርት መልእክቱ ለየትኛው ፕሮግራም እንደሆነ የሚለይ ቁጥር ነው። በአሳሽ ብቻ ብትሞክሩ ላታዩት ትችላላችሁ፤ አንዳንድ አሳሾች ጥያቄውን መስጥረው ይልኩታል።

ሦስተኛ፣ ማጣሪያውን «ቲሲፒ» አድርጉና አንድ ድረ ገጽ ክፈቱ። ቲሲፒ መረጃ ከመላኩ በፊት ግንኙነት የሚከፍት ፕሮቶኮል ነው፤ ግንኙነቱ የሚከፈትባቸውን ሲን፣ ሲን አክ፣ አክ የሚሉትን 3 መስመሮች ፈልጉ። ካጣችኋቸው ሌላ ድረ ገጽ ሞክሩ፤ ትልልቆቹ ድረ ገጾች ክዊክ በሚባል ፕሮቶኮል በዩዲፒ ፖርት 443 ሊመጡ ይችላሉ። እነዚህን መስመሮች ማንበብ ሥራ ላይ በየቀኑ ያገለግላችኋል። ሲን ተደጋግሞ ወጥቶ መልስ ከጠፋ መንገዱ ተቋርጧል ወይም ፋየርዎል ውጦታል። በሲን አክ ፈንታ ግንኙነቱን እምቢ የሚለው አርኤስቲ ከተመለሰ ብዙውን ጊዜ ኮምፒውተሩ ጋ ደርሳችኋል፣ በዚያ ፖርት የሚያገለግል ፕሮግራም ግን የለም። የመጀመሪያው የኔትወርክ ሰው ሥራ ነው፣ ሁለተኛው የሰርቨሩ ባለቤት።

ደረጃ 11፦ ጓደኛችሁ ያበላሽ፣ እናንተ አግኙ

የሠራ ኔትወርክ ከዚህ በኋላ ብዙ አያስተምራችሁም። ወደ ሁለቱ ኮምፒውተሮች ተመለሱ፣ የደረጃ 5ን አድራሻ መልሱ፣ ከክፍሉ ውጡና ጓደኛችሁ ከእነዚህ አንዱን ይሥራ፦ ኬብሉን በግማሽ ይንቀል፤ የአንዱን ማስክ ይለውጥ፤ ለሁለቱም አንድ አድራሻ ይስጥ፤ የኔትወርክ ካርዱን ያጥፋ፤ የፒንጉን ደንብ ይዝጋ፤ 192.168.50.20ን 192.168.5.20 ያድርገው። የመጨረሻው ትንሽ ይመስላል፣ ግን ዓይን በቀላሉ ያልፈዋል።

ስትመለሱ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ፤ መብራት፣ የካርዱ ሁኔታ፣ አድራሻና ማስክ፣ የአርፕ ዝርዝር፣ ፒንግ፣ ፋየርዎል። በእያንዳንዱ ላይ ያያችሁትን ጻፉ።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስሕተቶች

በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር መለወጥ። ኬብልም አድራሻም ለውጣችሁ ቢሠራ የትኛው እንደነበር አታውቁም፤ ችግሩ ሲመለስ እንደገና ከዜሮ ትጀምራላችሁ።

ፒንግ አልመለሰም ብሎ ኮምፒውተሩ የለም ማለት። አርፕ ዝርዝሩ ላይ ማክ አድራሻው ካለ፣ አለ።

በፓኬት ትሬሰር ብቻ መማር። እዚያ ውስጥ ኬብል አይሰበርም፣ ኮኔክተር አይላላም፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ ስዊች አይቃጠልም። የደንበኛ አቤቱታ ግን አብዛኛው ከእነዚህ ይመጣል።

በመብራት መጥፋት ወቅት የራውተሩን ቅንብር ያልተቀመጠ መተው። ሲስኮ ላይ «ኮፒ ራኒንግ ኮንፊግ ስታርትአፕ ኮንፊግ» ካላላችሁ ራውተሩ ሲነሣ የሠራችሁት ሁሉ የለም።

ደረጃ 12፦ እንደነበረ መልሱ

ልምምዱን ስትጨርሱ በሁለቱም ኮምፒውተሮች አይፒ ቨርዥን 4 ውስጥ ገብታችሁ «አድራሻ በራሱ ያግኝ» እና «ዲኤንኤስ በራሱ ያግኝ» የሚሉትን ምረጡ። ዋይፋዩን አብሩ። የከፈታችሁትን የፒንግ ደንብ ዝጉ። የመለማመጃ ራውተሩን ነቅላችሁ ላዩ ላይ «ዲኤችሲፒ ጠፍቷል» የሚል ወረቀት ለጥፉበት፤ ቤተሰብ አግኝቶ ኢንተርኔት ላይ ቢሰካው «ዋይፋይ ይይዛል፣ ኢንተርኔት የለም» የሚል ጥሪ ይደርሳችኋል።